የኢንዶሜትሪዮሲስና የዳሌ ህመምን በእጅ ፊዚዮቴራፒ ማስታገስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም፤ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ታካሚ ነኝ፣ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝንም እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው? ከተለመደው የወር አበባ ህመም በምን ይለያል?

የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ ፊኛና አንጀት ላይ ሊገኝ ይችላል። ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ውሎ አድሮም ጠባሳ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው። ይህ ወደ 190 ሚሊዮን ሰው ነው።

ተራ የወር አበባ ቁርጠት አንድ ሁለት ቀን ይዞ በማስታገሻ ይለቃል። ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር፣ የሚያስመልስ፣ ሽንት ቤት ስትቀመጪ የሚወጋ፣ በግንኙነት ጊዜ የሚያም፣ ወር አበባው ካለፈም በኋላ ወገብና ዳሌ ላይ የሚከርም ህመም ግን ተራ አይደለም። «ብርድ ነው»፣ «ስትወልጂ ይተውሻል» እየተባልን ስንቶቻችን ዓመታት አሳለፍን። መውለድ የዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

በእጅ የሚሰጥ ፊዚዮቴራፒ ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለሙያዋ በእጇ ጡንቻን፣ ጡንቻውን የሚሸፍነውን ስስ ልባስ፣ መገጣጠሚያንና ጠባሳን የምታላላበት ሕክምና ነው። ሥራው ሆድ፣ ወገብ፣ መቀመጫ፣ የጭን ውስጠኛ ክፍልና ዳሌ ላይ ነው። ቆዳን በጣቶች ቆንጠጥ አድርጎ በቀስታ ማንከባለል አለ። የቋጠረ የጡንቻ ነጥብ ላይ ጣት አሳርፎ እስኪለቅ መጠበቅ አለ። ከውጪ የማይደረስባቸውን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ደግሞ በብልት በኩል፣ አንዳንዴም በፊንጢጣ በኩል፣ በአንድ ጣት መሥራት አለ። የሆድ ዕቃን በቀስታ የማንቀሳቀስ ዘዴም አለ። ይህን ያስፋፋው ፈረንሳዊው ኦስቲዮፓት (ሰውነትን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ዣን ፒዬር ባራል ነው። ማስረጃው ግን ከጡንቻው ሥራ ይልቅ የሳሳ ነው።

እጅ ብቻውን አይበቃም። ጥሩ ቴራፒስት አተነፋፈስ፣ እንቅስቃሴ፣ የሽንትና የሰገራ ልማድ ሁሉ ታስተምራለች። አሽታ ብቻ የምትልክሽ ከሆነ ግማሹ ቀርቷል።

በሽታው ያለው ጡንቻ ላይ አይደለም። ታዲያ ጡንቻ ማላላት ምን ይጠቅመኛል?

ይህን ጥያቄ የጠየቀች ሴት ነገሩ ገብቷታል ማለት ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ኋላ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠሩ ናቸው። ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ተሸክመዋል። ጣትሽ ሲቆረጥ እጅሽን ጭብጥ እንደምታደርጊው፣ ዳሌሽ ውስጥ ህመም ሲነሳ እነዚህም ጡንቻዎች ጭብጥ ይላሉ። በየወሩ፣ ለዓመታት። መጨረሻ ላይ ህመሙ ሲሄድም መልቀቅ ይረሳሉ።

ተጨብጦ የቀረ ጡንቻ ደግሞ ራሱ ያማል። መቀመጥ ያሳምማል፣ ሽንት ያስቸኩላል፣ ግንኙነትን ያከብዳል፣ ወገብንና ጭንን ይጎትታል። ኦፕሬሽን ተደርጎላቸው፣ ሆርሞን እየወሰዱም ህመማቸው ያልለቀቃቸው ሴቶች የሚኖሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በምርመራ የሚታየው በሽታ መጠንና የህመሙ ብርታት ብዙ ጊዜ አይመጣጠኑም። ትንሽ ነጥብ ያላት ትጮሃለች፤ ብዙ ያለባት ሳይሰማት ትኖራለች።

እኔ ይህን ያመንኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ቴራፒስቷ መዳፏን ከእምብርቴ በታች አሳርፋ «እስኪ ተንፍሺ» አለችኝ። ተነፈስኩ። ደረቴ ተነሳ፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። «ትንፋሽሽ እዚህ አይደርስም» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ቡና ልቆላ በርጩማ ላይ ቁጭ ስል ራሴን አየሁት። መቀመጫዬን ጨምድጃለሁ፣ ሆዴን ውጬዋለሁ፣ ጥርሴን ነክሻለሁ። ያን ቀን ምንም አላመመኝም ነበር።

እና ይፈውሰኛል?

አይፈውስም። የበቀለውን ህዋስ አያጠፋም፣ የሐኪምሽንም መድኃኒት አይተካም። የህመሙን አንድ ክፍል ነው የሚያነሳው። ለብዙዎቻችን ያ ክፍል ትንሽ አይደለም፤ ሚኒባስ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ሳያቃስቱ መቀመጥ ማለት ሊሆን ይችላል።

ወጌሻ ጋ ወይም ሆድ የምታሽ ሴት ጋ ብሄድስ?

ወጌሻ ለወለምታና ለስብራት ሲደርስልን የኖረ ሰው ነው፤ ማንንም ማንቋሸሽ አልፈልግም። እዚህ ላይ ግን አትሂጂ። «ማህፀንሽ ወርዷል፣ ላንሳልሽ» ተብሎ ሆድ በኃይል ሲጫን፣ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አላየም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ኦቫሪ ላይ ደም የቋጠረ ከረጢት ሊሠራ ይችላል። ያንን አጥብቆ መጫን አደጋ አለው። ሳታውቂ አርግዘሽ ከሆነም ሌላ አደጋ ነው።

ልዩነቱ ጉልበቱም ላይ ነው። የፊዚዮቴራፒው እጅ ቀላል ነው። ሰውነት የሚከላከል ጡንቻን በኃይል ስትጫኚው ይበልጥ ይጨብጣል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ምን ይደረጋል?

ብዙው ወሬ ነው። ህመሙ መቼ ጀመረ፣ የት ይሰማሻል፣ ሽንትሽ፣ ሰገራሽ፣ ወሊድ፣ ኦፕሬሽን፣ ግንኙነት። የሚያሳፍር የሚመስለው ሁሉ ይጠየቃል፤ ለእሷ የዕለት ሥራዋ ነው። አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይ ወይም የላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ በካሜራ የማየት) ውጤት ካለሽ ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ አቋቋምሽን፣ አተነፋፈስሽን፣ ወገብሽን፣ የዳሌ መገጣጠሚያሽን፣ ሆድሽን ታያለች።

የውስጥ ምርመራ ካለ ከመጀመሩ በፊት ታስረዳሻለች፣ ፈቃድሽንም ትጠይቃለች። ወጥታ ልብስሽን አውልቀሽ አንሶላ እንድትለብሺ ጊዜ ትሰጥሻለች። ጓንት ታደርጋለች፣ ማለስለሻ ቅባት ትጠቀማለች። የማህፀን ሐኪም የሚጠቀምበት መክፈቻ ብረት የለም፣ እግር ማንጠልጠያም የለም። አንድ ጣት ብቻ ነው። የኔዋ እንደ ሰዓት ፊት አስቢው አለችኝ፤ 12 ወደ ፊት አጥንቱ፣ 6 ወደ ጭራ አጥንቱ። 4 ላይ ስትደርስ ግራ መቀመጫዬ ድረስ የሚሄደው ያ የማውቀው ህመም ተቀሰቀሰ። አልቅሼ ነበር፤ ከህመሙ ሳይሆን ሰው ቦታውን ስላገኘው።

የውስጡ ሕክምና ግዴታ ነው? ድንግል ብሆንስ?

በፍጹም ግዴታ አይደለም። ድንግል የሆነች፣ በደል የደረሰባት፣ ወይም በቃ ያልፈለገች ሴት ምክንያት መስጠት የለባትም። በሆድ፣ በመቀመጫ፣ በጭንና በወገብ በኩል፣ በአተነፋፈስና በእንቅስቃሴ ብዙ ሥራ ይሠራል። «ዛሬ አይሆንም» ማለት ትችያለሽ። ባለፈው ፈቅደሽ ዛሬ መከልከልም ትችያለሽ። መሀል ላይ «በቃ» ስትዪ እጅ ወዲያው መቆም አለበት።

ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ መግባት ነውር የለውም። ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚነካ፣ ጓንት የማያደርግ፣ ለምን እንደሚያደርግ የማያስረዳ ሰው ጋ ግን ተነስተሽ ውጪ።

ያማል?

ሊያሳምም ይችላል፤ መሰቃየት ግን የለበትም። ከ10 ስንት ነው ብላ ስትጠይቅሽ ከ3 ወይም ከ4 ካለፈ ንገሪያት፣ ታላላለች። ቴራፒስትሽን ላለማስቀየም ጥርስ መንከስ እኛ ጋ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ጎጂ ነው፤ የነከስሽው ጥርስ ዳሌሽንም ያጨብጣል።

ከሕክምናው በኋላ አንድ ሁለት ቀን መዛል፣ መጎርበጥ ሊኖር ይችላል። ህመም ለቀናት ከባሰብሽ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀለል ማለት አለበት። በወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀናት ቀጠሮ አለመያዝም ይቻላል፤ ወይም የውስጡን ትቶ ወገብና ሆድ ላይ ብቻ መሥራት።

ስንት ጊዜ መሄድ አለብኝ?

እንደ ሰው ይለያያል። ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይጀመራል፣ ለሁለት ሦስት ወር ይቀጥላል፣ ከዚያ ይራራቃል። ለውጡ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። መጀመሪያ የሚለቀው አንዳንዴ ያልጠበቅሽው ነገር ነው። የኔ ሽንት ነበር፤ ሌሊት ሦስት አራቴ መነሳቴ ቀረ።

ጡንቻውን የሚያጠነክረውን የኬግል ስፖርት ልሥራ?

ቴራፒስት ሳታይሽ አትጀምሪ። ኬግል ማለት እንደ ሽንት መያዝ አድርጎ ጡንቻውን ማጨበጥ ነው። ለላላ ጡንቻ ጥሩ ነው። ያንቺ ችግር መጨበጥ ከሆነ ግን ህመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ቲክቶክ ላይ ለሴት ሁሉ ኬግል ሲታዘዝ ሳይ ያናድደኛል። የዳሌ ህመም ያላት ሴት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት መልቀቅ መማር ነው።

ቤት ውስጥ ራሴ ምን ላድርግ?

ትንፋሽ ከሁሉ ይቅደም። በጀርባሽ ተኝተሽ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ አድርጊ። አንድ እጅሽን ደረትሽ ላይ፣ ሌላውን ሆድሽ ላይ አሳርፊ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ የታችኛው እጅ ከፍ ይበል። ያኔ የዳሌሽ ወለል ወደ ታች ለቀቅ ሲል ይሰማሻል፣ ሽንት ሊመጣ ሲል እንዳለው ዓይነት ስሜት። በኃይል አትግፊ፣ ለቀቅ ብቻ። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ በቂ ነው።

ቀጥሎ የስግደት አቀማመጥ። ጉልበቶችሽን ራቅ ራቅ አድርገሽ ተንበርክከሽ፣ ግንባርሽን ትራስ ላይ አሳርፈሽ፣ እዚያው ተንፍሺ። ሙቀትም ይረዳል። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ሆድሽ ላይ 15 እስከ 20 ደቂቃ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አንቺም ትቃጠያለሽ። ቴንስ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚያሽላቸውም አሉ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ልብሽ ላይ ማሽን ካለ ግን አይሆንም።

ሽንት ቤት ስትቀመጪ በኃይል አትግፊ። የሚቀመጡበት ዓይነት ከሆነ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርጊ፣ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ይላል። የቁጢጡ ሽንት ቤት ይህን ሥራ በራሱ ይሠራዋል።

በግንኙነት ጊዜ ያመኛል። ለባሌ ምን ልበለው?

እውነቱን። መግቢያው ላይ የሚሰማ ህመም ብዙ ጊዜ ከጡንቻ መጨበጥ ነው፤ ለዚህ ፊዚዮቴራፒ በደንብ ይረዳል። ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚሰማው ደግሞ ከበሽታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አብረውም ይመጣሉ። ቴራፒስቷ ከፈለግሽ ባልሽን አንድ ቀን አስገብታ ታስረዳዋለች። «አልፈለገችኝም» ብሎ ሲብሰለሰል የኖረ ወንድ ጡንቻው በስዕል ሲታየው ብዙ ነገር ይቀልለታል። ህመምን ችሎ መተኛት ግን ጡንቻው ፍርሃቱን እንዲማር ያደርጋል፤ እባክሽ አትቻይው።

ተገርዣለሁ። ይህ ሕክምናውን ይከለክላል?

አይከለክልም፤ ግን ቀድመሽ ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። አገር ቤት ያለች ባለሙያ ይህን ታውቃለች። ውጭ አገር ያለችው ግን አይታ ላታውቅ ትችላለች፣ ልትደነግጥም ትችላለች። ጠባሳው ራሱ ሊያም ይችላል፣ ቆዳው ሊጠብ ይችላል፤ በእጅ በቀስታ ሊላላም ይችላል። ከተሰፋ ግን የውስጥ ሥራ ከመታሰቡ በፊት የማህፀን ሐኪም ማየት አለበት። ህመምሽ ሁሉ በግርዛቱ ነው ተብሎ ኢንዶሜትሪዮሲሱ እንዳይረሳም ተጠንቀቂ።

መቼ ነው መታከም የሌለብኝ?

ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ያልታወቀ መድማት ካለ፣ ካንሰር ከተጠረጠረ፣ ካረገዝሽ ወይም ያረገዝሽ ከመሰለሽ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሆንም። ሉፕ ካለሽ ንገሪያት። ከኦፕሬሽን ወይም ከወሊድ በኋላ የውስጡ ሥራ ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ቁርጡን ግን ያከመሽ ሐኪም ይንገርሽ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ የላፓራስኮፒውን ትናንሽ ጠባሳዎች ማሸት ራስሽ ትማሪዋለሽ።

ድንገት የመጣ ኃይለኛ የሆድ ህመም፣ ራስ መሳት፣ በሰዓት ሞዴስ የሚያረጥብ ደም ካለ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥናት ምን ይላል? ወይስ ወሬ ብቻ ነው?

ወሬ ብቻ አይደለም፤ ግን ገና ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን አሜሪካ የታተመ ጥናት የፊኛና የዳሌ ህመም ያለባቸውን 81 ሴቶች ለሁለት ከፈለ። የዳሌ ጡንቻቸው በእጅ ከተሠራላቸው 59 በመቶዎቹ ተሻላቸው፤ ተራ ማሳጅ ካገኙት ደግሞ 26 በመቶዎቹ። እነዚህ ግን የኢንዶሜትሪዮሲስ ታካሚዎች አልነበሩም። ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሌላ ጥናት ጥልቅ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸውን 34 ሴቶች አየ። ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ጡንቻቸው ላላ፣ በግንኙነት ጊዜ መግቢያው ላይ የሚሰማቸውም ህመም ቀነሰ።

የአውሮፓው የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ ኤሽሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን ፊዚዮቴራፒን ጨምሮ ለየትኛውም ከመድኃኒት ውጪ ያለ ዘዴ የተለየ ምክር ለመስጠት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ሁለቱንም አብረሽ ያዢ። ጡንቻሽ የተጨበጠ መሆኑ በምርመራ ከታየ፣ መሞከሩ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

«የተጣበቀውን አላቅቃለሁ፣ ልጅም ትወልጃለሽ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ልመናቸው?

እዚህ ላይ ቆም በይ። ኢንዶሜትሪዮሲስ አንጀትን ከማህፀን፣ ኦቫሪን ከዳሌ ግድግዳ ሊያጣብቅ እንደሚችል እውነት ነው። ከውጪ በእጅ ሥራ ያ መጣበቅ እንደሚላቀቅ ግን በበቂ አልተረጋገጠም። ቆዳና ጡንቻ ላላ ማለት፣ ውስጥ የተጣበቀው ተላቀቀ ማለት አይደለም። ልጅ ፈልጋ የምትጨነቅ ሴት ለተስፋ ስትል ያላትን ሁሉ ትከፍላለች። በዚያ ጭንቀት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ መድኃኒትሽን አቁሚ የሚል፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሚምል ካጋጠመሽ ሽሺ። ለመውለድ ጉዳይ ጊዜ ሳታባክኚ የመካንነት ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ፊዚዮቴራፒው ጎን ለጎን ህመምሽን ያስታግስ።

የት አገኛለሁ? ስደውል ምን ብዬ ልጠይቅ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያሠለጥናል፤ በዳሌ ወለል ላይ የሚሠሩት ግን ጥቂት ናቸው። ሥራው ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ለፊስቱላ ታካሚዎቹ ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። አንቺ ከማህፀን ሐኪምሽ ጀምሪ። ስትደውዪ «ፊዚዮቴራፒ አላችሁ?» ብቻ አትበዪ። «የሴቶች የዳሌ ወለል ጡንቻ ላይ የሠለጠነች ሴት አለች? የዳሌ ህመም ታክማለች ወይስ ሽንት ማምለጥ ብቻ?» በዪ። የሠለጠነ ካልተገኘ አተነፋፈስ፣ ወገብና ዳሌ ላይ የሚሠራ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስትም ጅምር ነው።

አሜሪካ ያላችሁ «ፔልቪክ ፍሎር ፊዚካል ቴራፒ» ብላችሁ ፈልጉ። በ50ዎቹም ግዛቶች ያለ ሐኪም ደብዳቤ ቢያንስ መመርመር ይቻላል፤ ኢንሹራንስ ግን ሪፈራል ሊጠይቅ ይችላል። በሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ። ልጃችሁን ለዚህ ቀጠሮ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ለሁለታችሁም ይከብዳል። እስራኤል ያላችሁ ኩፓት ሆሊማችሁ (የጤና መድን ድርጅታችሁ) ጋ «ሪጽፓት አጋን» (የዳሌ ወለል) ብላችሁ ጠይቁ፣ ሃፍናያም (ሪፈራል) ከሐኪማችሁ ውሰዱ።

አምስት ስድስት ጊዜ ሄጄ ምንም ለውጥ ባላይስ?

ከቴራፒስቷ ጋር ተቀመጪና እንደገና አስቡ። ምን ነበር ግቡ? መቀመጥ? መተኛት? ግንኙነት? ምን ተነካ፣ ምን ቀረ? አንዳንዴ ቴክኒኩ ይቀየራል። አንዳንዴ የሆድ ድርቀቱ ሳይስተካከል ጡንቻው እንዲለቅ ተጠይቋል። አንዳንዴ በሽታው ራሱ መድኃኒት ወይም ኦፕሬሽን ይፈልጋል፣ ጡንቻው ገና ለመልቀቅ ምክንያት የለውም። ለረጅም ዓመት የታመመ ሰው ነርቮቹም ይነቃሉ፤ እንቅልፍና ጭንቀት አብረው መታየት አለባቸው፣ የህመም ስፔሻሊስትም ማማከር ያስፈልጋል።

አለመሻልሽ የተጋነነ ህመም አለብሽ ማለት አይደለም። በማስታወሻ ደብተር ለሁለት ወር ቀኑን፣ የወር አበባሽን፣ የህመሙን ቁጥር ከ10፣ የሄድሽበትን ቀጠሮና የበላሽውን ማስታገሻ ጻፊ። ያንን ገጽ ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ተመለሽ። እኔ ሁለተኛው ሐኪም ጋ የገባሁት እንዲህ ዓይነት ሦስት ገጽ ይዤ ነበር። አንብቦ ቀና ሲል መጀመሪያ የጠየቀኝ «ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ቻልሽው?» ብሎ ነው።